ፔንግዊን ያለበት ካርቶን

ወዳጄ፣ ቡናህን ያዝና ስማኝ። የእማዬ ስልክ ሞልቶ «ቦታ የለም» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። የሟች አባቴ ፎቶዎች ደግሞ ያሉት እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ አንድ ቀን ከእጇ ቢወድቅስ እያልኩ እሰጋ ነበር። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ፣ ሊኑክስ ጭኜ፣ ሳሎን ጥግ ሰርቨር ላደርገው ወሰንኩ። ሰርቨር ሲባል ያስፈራል እንጂ ቀንም ሌሊትም በርቶ ፋይል የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል፤ እንዲያውም ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይዘጋም። ይህን ያወቅኩት ግን ዴስክቶፑን ከገዛሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ መገናኛ ሄድኩ። ዴስክቶፑ ዋይፋይ አልነበረውም፤ በሳሎን መሀል ገመድ እንዳይዘረጋ ብዬ በዩኤስቢ የሚሰካ ዋይፋይ ጨመርኩ። ካርቶኑ ላይ ቱክስ፣ የሊኑክሱ ፔንግዊን፣ ተስሏል። እሱን ካየሁ ወዲያ ሌላ አላነበብኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እሁድ ቤቱ ሞላ። እማዬ «ልጄ የአባቱን ፎቶ በቴሌቪዥን ሊያሳየን ነው» ብላ ጎረቤቱን ጠርታለች። አቦል ሲቀዳ ሊኑክሱ፣ ዴቢያን 12፣ ተጭኖ አልቋል፤ ዋይፋዩን ግን አላወቀውም። ካርቶኑን ገልብጬ ባየው፣ በደቃቁ «ከርነል 2.6» ይላል፤ ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው። 2.6 በፈረንጆች 2003 የወጣ ነው፤ የኔ 6.1። ዕቃውን ከከርነሉ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር ራሴ ልሥራው ብል ፓኬጅ ማውረድ አለብኝ፤ ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ለኢንተርኔት ያው ዋይፋዩ። ቶና ተቀዳ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው፣ ነጫጭ ፊደላት ብቻ። በረካ ላይ እትዬ ጎረቤታችን በእርጋታ «ልጄ፣ ጋሼን መቼ ነው የምናያቸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እማዬ ተነስታ ፈንዲሻውን ደግማ አዞረች፤ እኔን እንዳያዩኝ መሆኑ ገብቶኛል። ያቺ ፈንዲሻ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ማታ ማንበብ ያዝኩ። ለካ የሚታየው የካርቶኑ ስም ሳይሆን ውስጥ ያለው ቺፕ ነው! አንድ ስም ያለው ዕቃ እንኳን እትሙ ሲቀየር ቺፑ ሊቀየር ይችላል። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቶ «ኤልኤስፒሲአይ -nn» ወይም «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚሉትን ትእዛዞች ቢጽፉ፣ የሠሪውና የዕቃው መለያ ይወጣል፤ ምንም ሳይጭኑ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ። በኔው ዴስክቶፕ ሞከርኩት። 8086 የሚል መጣ። ኢንቴል ነው፤ በፈረንጆች 1978 ያወጣው ፕሮሰሰር ስም መለያ ቁጥሩ ሆኖ ቀርቷል። ዕቃው ከኋላ ያለው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ነበር፣ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ፣ ከመጀመሪያው ዝግጁ የነበረ። የእህቴ ልጅ በትከሻዬ በኩል አይታ «አጎቴ፣ ታዲያ ገመድ ለምን አትሰካበትም?» አለችኝ።

ሰኞ 15 ሜትር ገመድ ገዛሁ። ከምንጣፉ ሥር ገብቶ፣ ረከቦቱን ዞሮ ያልፋል። አሁን እማዬ እንግዳ በገባ ቁጥር በሩ ላይ ትቆምና «እዚያ ጋ እንዳትረግጡ፣ አባቱ በዚያ ነው የሚያልፈው» ትላለች።