የእኔ አይደለችም!

አመሻሹ ላይ ዱባይ ማሪና ዳር ዳር የሚንሸራሸር ሰው አንድ የማይቀር ትዕይንት ያያል። የአገራችን ልጅ ከሥራ ወጥቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ ከአንዲት ነጭ ቅንጡ ጀልባ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ማታ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈውና ከሥሩ «አዲሷ ንብረቴ» ብሎ ይጽፋል። አክስቱ ከደሴ «እግዚአብሔር ይባርክልህ የኔ ልጅ» ይላሉ። የልብ ጓደኛው «እኛንም አትርሳን ጌታው» ይላል። በዚያ ሁሉ የወደብ ዳርቻ «የእኔ ናት» ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ይህ ልጅ ብቻ ነው። እውነተኛው ባለቤት ይህች ቃል ከአፉ እንዳታመልጥ ጠበቃ ቀጥሯል።

መቶ ሜትር የምትረዝም ጀልባ ለማሠራት ያሰበ ጌታ ከጀልባዋ በፊት ኩባንያ ያቋቁማል። ኩባንያው ሠራተኛ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ሥራው የጀልባዋ ባለቤት ተብሎ መጠራት ብቻ ነው። አድራሻው ካይማን ደሴቶች ወይም ማልታ፣ ካልሆነም ማርሻል ደሴቶች ይሆናል። የኩባንያው ባለቤት ሌላ ኩባንያ ነው። የሌላኛው ባለቤት ደግሞ ትረስት የሚባል የአደራ ድርጅት ነው፤ አደራው ለማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት የሆነ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። አንዳንዱ ጌታ በገዛ ገንዘቡ ያሠራትን ጀልባ በገዛ ኩባንያው ስም አስመዝግቦ፣ ከኩባንያው በውል ተከራይቶ ይሳፈርባታል፤ ለኪራይ የተመዘገበች ጀልባ ግብሯ ይቀላላ! ካይማን ከተመዘገበች ከጀርባዋ በትልልቅ ፊደል «ጆርጅ ታውን» ተብሎ ይጻፍባታል። ጆርጅ ታውን የካይማን ዋና ከተማ ናት፤ ጀልባዋ ግን ከተማዋን በሩቁ እንኳ አይታት አታውቅ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ፍጹም ሕጋዊ ነው። ጀልባዋ ሌላ ጀልባ ብትገጭ ወይም መርከበኛ ቢጎዳባት፣ ክሱ ኩባንያው በር ላይ ቆሞ የጌታው ሳሎን ድረስ እንዳይዘልቅ የታሰበ ነው። ባንዲራውም ቢሆን ገበያ አለው። ሞንጎሊያ ባሕር የላትም፤ የመርከብ መዝገብ ግን ከፍታለች፤ መዝገቡ የሚሠራው ሲንጋፖር ላይ ነው። እኛም ወደብ ሳይኖረን መርከቦቻችን ሰንደቃችንን እያውለበለቡ ባሕር ስለሚያቋርጡ በሞንጎሊያ ብዙ መሳቅ አያምርብንም። የእኛዎቹ ግን ቢያንስ ማዳበሪያ ይጭናሉ።

ታክስ ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይደራል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው የውጭ ባንዲራ ያላትን ጀልባውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይከፍል ለ18 ወር በኅብረቱ ውኃ ላይ ሊያቆያት ይችላል። ጊዜው ሊሞላ ሲል ጀልባዋ ቱኒዚያ ወይም ሞንቴኔግሮ ብቅ ትልና መውጣቷን የሚመሰክር ወረቀት ይዛ ትመለሳለች። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ፍሎሪዳ ደግሞ ሌላ ትንግርት አላት። የሽያጭ ታክሱ ስድስት በመቶ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ጀልባ ከ18,000 ዶላር አይበልጥም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ የ300,000 ዶላር ጀልባ የገዛ የጥርስ ሐኪምና የ100 ሚሊዮን ዶላሯን የገዛው ቢሊየነር መስኮቱ ጋ ሲደርሱ እኩል ይከፍላሉ። እኩልነት ማለት ይህ ነው!

እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ቀረጥ ያልተከፈለባቸው የውጭ ባንዲራ ጀልባዎች የሽያጭ ማስታወቂያቸው ሥር አንዲት መስመር አለች፤ ጀልባዋ በአሜሪካ ውኃ ላይ ሳለች ለአሜሪካ ነዋሪዎች አትሸጥም ትላለች። አሜሪካ ቆማ፣ ለአሜሪካዊ እየታየች፣ ለአሜሪካዊ አትሸጥም። ታዲያ እንዴት ትሸጣለች? ካፒቴኑ ይነዳታል፤ ከባሕር ክልሉ ሲወጡ ይቆማሉ። ወረቀቱ እዚያ ይፈረማል፣ የቆሙበት ቦታ ከአቅጣጫ መሣሪያው ላይ ተነብቦ ይመዘገባል፣ ስልክ ተደውሎ ገንዘቡ ይለቀቃል። ከዚያ ጀልባዋ ዞራ ወደመጣችበት ትመለሳለች። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣው ውል ምስክሮቹ ማዕበልና ጥቂት ባሕር የሚያዞራቸው ጠበቆች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ የሕግ አውጪውም እጅ ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የማሳቹሴትስ ሴናተር የነበሩት ጆን ኬሪ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የምታወጣ ኢዛቤል የተባለች ጀልባቸውን ጎረቤት ሮድ አይላንድ አቁመዋት ተገኙ። ሮድ አይላንድ በጀልባ ላይ የሽያጭ ታክስ ካስቀረች ቆይታለች፤ ማሳቹሴትስ ግን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ትጠብቅ ነበር። ጋዜጣ ሲጮህ ሴናተሩ ከፈሉ። ዋሽንግተን የሚወጣውም ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ችግረኛ ርኅራኄ አለው፦ ጀልባዋ መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ካላት እንደ ሁለተኛ መኖሪያ ቤት ተቆጥራ፣ የተገዛችበት ብድር ወለድ በተወሰነ ጣሪያ ከግብር ሊቀነስ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ የአፓርታማ ኪራይ አንገቱ ድረስ የደረሰበት የታክሲ ነጂ ወገናችን ይህን ልብ ይበል።

ዋጋው ገና መግቢያው ነው። ነጋዴዎቹ ራሳቸው የሚሉት፣ በየዓመቱ የጀልባዋን ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህል ለጥገና፣ ለሠራተኛ፣ ለነዳጅ፣ ለኢንሹራንስና ለወደብ አዘጋጅ ነው። አሥራት ነው እንግዲህ፤ የሚበላው ባሕር ነው እንጂ። ያን ሁሉ ከፍሎ ስንት ሰው ይጋብዝባታል? በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ከ12 በላይ መንገደኛ የሚጭን ሁሉ የመንገደኞች መርከብ ስለሚባልና ጣጣው ስለሚበዛ፣ ብዙዎቹ 12 ላይ ይቆማሉ። ሠላሳ አርባ ሠራተኛ ለ12 እንግዳ ያጎነብሳል። አንድ የሰፈር ጽዋ ማኅበር አሳፍሮ ባሕር ላይ እንውጣ ቢል፣ አሥራ ሦስተኛው ማኅበርተኛ ከነዳቦው ወደብ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሰላም እስካለ ድረስ «የእኔ አይደለችም» የሚለው ጨዋታ ያዋጣል። ችግሩ ጠብ ሲመጣ ነው፤ በተለይ የትዳር ጠብ። የሩሲያ ነዳጅና ጋዝ ባለሀብቱ ፋርካድ አክሜዶቭ ከባለቤታቸው ሲፋቱ፣ የለንደን ፍርድ ቤት በ2016 ለሚስትየው 453 ሚሊዮን ፓውንድ ፈረደ። 115 ሜትር የምትረዝመው ጀልባ ሉና ዱባይ ቆማ ነበርና ለሚስትየው ትሰጥ ተባለ። ከማን ተነጥቃ? በወረቀት ላይ ባለቤቷ የሊችተንስታይን ድርጅት ነው! ለንደን «የሴትየዋ ናት» ሲል፣ የዱባይ ፍርድ ቤት የለንደንን ፍርድ አልፈጽምም አለ። ሰዎቹ በ2021 ሴትየዋ ከተፈረደላት እጅግ ባነሰ ገንዘብ ተስማሙ። በማግስቱ ዓመት ሉና ጀርመን ውስጥ በማዕቀብ ምክንያት ታገደች። እንግዲህ ያ ሁሉ ጠበቃ የተዋጋው ለዚህ ነበር።

አማዲያ የተባለችው ጀልባ ታሪክ ግን ይብሳል። 106 ሜትር ናት፤ መዋኛ ገንዳ፣ የሄሊኮፕተር ማረፊያ፣ በእጅ የተሳለበት ፒያኖ፣ ሕይወት ያለው ሎብስተር የሚጠበቅበት ገንዳ አላት። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ፓስፊክን አቋርጣ ፊጂ ደረሰች፤ እዚያም በአሜሪካ ጥያቄ ተያዘች። አሜሪካ ባለቤቷ ማዕቀብ የተጣለባቸው የሩሲያ ባለጸጋ ሱለይማን ከሪሞቭ ናቸው ስትል፣ የሩሲያው ነዳጅ ኩባንያ የሮስኔፍት የቀድሞ ኃላፊ ኤድዋርድ ኩዳይናቶቭ «የለም፣ የእኔ ናት» ብለው ቀረቡ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ኤፍቢአይ ግን ቡዳ መባልን አልፈራም። ሠራተኞቹ ሲጻጻፉ የከሪሞቭን ቤተሰብ በስም እንደማይጠሩ ደረሰበት፦ አባወራው «ጂ ዜሮ»፣ እመቤቲቱ «ጂ አንድ»፣ ልጅቱ «ጂ ሁለት» ነበሩ። ኩዳይናቶቭ ደግሞ በወረቀት የሌላ 140 ሜትር የምትሆን ግዙፍ ጀልባ ባለቤት ተብለው ይጠቀሱ ነበር፤ መርማሪዎቹ የእኚህ ሰው ሀብት ይህን ሁሉ ሊችል አይችልም አሉ። በ2025 የኒው ዮርክ ዳኛ ሰውየው የስም ባለቤት ብቻ ናቸው ብለው ወሰኑ።

እስከዚያው ድረስ ጀልባዋን ማን ይቀልባት? የፊጂ ፍርድ ቤት ወጪዋ አገራችንን አከሰራት፣ ቶሎ ትሂድልን ብሎ በሰኔ 2022 ሸኛት። አሜሪካ በደስታ ተቀብላ ካሊፎርኒያ ወሰደቻት፤ ከዚያ ደስታው በረደ። ዐቃቤ ሕጎቹ ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ሒሳብ በወር ለሠራተኛ 360,000፣ ለነዳጅ 75,000፣ ለኢንሹራንስ 144,000 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር፤ ከነጥገናውና ከነቀለቡ ወደ 740,000 ይደርስ ነበር። የሩሲያን ባለጸጋ እንቀጣለን ብለው የጀልባውን ቀለብ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ላይ ጣሉት። መዝገቡ ላይ ደግሞ ተከሳሹ ከሪሞቭም ኩዳይናቶቭም አልነበሩም፤ ተከሳሿ ራሷ ጀልባዋ ናት። «የአሜሪካ መንግሥት በአማዲያ ላይ» ይላል። ጀልባዋ ፍርዱን ዝም ብላ ጠበቀች፤ ዝምታዋ ግን ወጪዋን አልቀነሰም። በመጨረሻ በ2025 ለጨረታ ስትወጣ፣ ለመጫረት ብቻ 10 ሚሊዮን ዩሮ ማስያዝ ይጠየቅ ነበር።

ሀብታም አገር ነው፣ ይቻለው እንበል። አንቲጓስ? ትንሿ የካሪቢያን ደሴት ወደብ ላይ አልፋ ኔሮ የተባለች 82 ሜትር ጀልባ በ2022 ቆማ ቀረች። አሜሪካ የሩሲያዊው የማዳበሪያ ባለጸጋ የአንድሬ ጉሪየቭ ናት ብላ ማዕቀብ ጣለች፤ እሳቸው ግን የእኔ አይደለችም ባይ ነበሩ። ክፍያው ቆመ፤ የወደቡም የሠራተኛውም ዕዳ ተከማቸ። መንግሥት ጀልባዋ እንዳትበላሽበት አየር ማቀዝቀዣዋን ማጥፋት አልቻለም፤ ከጠፋ ያ ሁሉ ጌጥና ሥዕል በሻጋታ ይበላል። ለማቀዝቀዣው ብቻ በቀን 2,000 ዶላር ያህል ናፍጣ ይቃጠል እንደነበር ተዘግቧል። አስቡት፤ ሰው የሌለበትን ሳሎን እያቀዘቀዘች የምትከስር አገር!

አንቲጓ ቸገራትና ሕግ አሻሽላ ጀልባዋን ለመሸጥ ተነሳች። በሰኔ 2023 የጎግል የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤሪክ ሽሚት በ67.6 ሚሊዮን ዶላር ጨረታውን አሸነፉ። ገና ዋጋው ሲጠራ ባለቤት ብቅ አለ፦ የጉሪየቭ ልጅ ጀልባዋን የያዘው የአደራ ድርጅት ተጠቃሚ እኔ ነኝ ብላ ፍርድ ቤት ቀረበች። ሽሚት የክስ ሽታ ሲሸታቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ደሴቲቱ አንድ ዓመት ሙሉ ናፍጣ ስትገዛ ከርማ በ2024 ለቱርክ ባለሀብት በ40 ሚሊዮን ዶላር ሸጠቻት። በ2025 ደግሞ ልጅቱ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሄዳ፣ የሽያጩ ገንዘብ የት እንደገባ የሚያሳይ የባንክ ሰነድ ይቅረብልኝ አለች። የናፍጣውን ሒሳብ ግን እስካሁን ማንም አምጡልኝ አላለም።