ከተማን በመኪና የመሙላት ጥበብ

ውድ አንባቢ፣ ከንቲባ ሆነው የሚሾሙበት ቀን ሩቅ ላይሆን ስለሚችል ከወዲሁ ልምከርዎ። እግረኛ የሚባለው ፍጡር ከከተማዎ እንዲጠፋ ከፈለጉ፣ መንገድ በማስፋት ብዙ አይድከሙ። መኪናው የሚቆምበትን ብቻ ያመቻቹለት።

በመጀመሪያ ሕግ ያውጡ፦ ቤት የሚሠራ ሁሉ ማቆሚያም ይሥራ። የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ በ1961 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ አፓርትማ አንድ ማቆሚያ ስትደነግግ የግንባታው ወጪ 18 በመቶ ጨመረ፤ በአንድ ይዞታ ላይ የሚሠራው ቤት ደግሞ 30 በመቶ ቀነሰ። አይደንግጡ። ቤቱ ሲራራቅ ዳቦ ቤቱም ይርቃል፤ ዳቦ ቤቱ ሲርቅ መኪና ያልነበረው ይገዛል፤ የገዛው ማቆሚያ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሕግዎ ትክክል እንደነበር ይመሰክሩልዎታል።

ቀጥሎ ማቆሚያውን ነጻ ያድርጉት። ወጪው በቤት ኪራይና በሸቀጥ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል፤ መኪና የሌላቸው እናትም ስኳር ሲገዙ ድርሻቸውን ይከፍላሉ። ዶናልድ ሹፕ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ፕሮፌሰር ይህን ምስጢር በ2005 በመጽሐፍ አውጥተውታል። ግን መጽሐፉ ከ700 ገጽ በላይ ስለሆነ ምክር ቤትዎ ያነበዋል ብለው አይስጉ።

ቅደም ተከተልም ይወቁ። በሎስ አንጀለስ የዋልት ዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ ሲታነጽ፣ ከመሬት በታች ያለው ባለ ስድስት ደረጃ ማቆሚያ በ1996 ተጠናቀቀ፤ አዳራሹ የተከፈተው በ2003 ነው። ቫዮሊን ሰባት ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ደግሞም ከምድር ቤት ወጥቶ ሙዚቃ ሰምቶ ወደ ምድር ቤት የሚመለስ ታዳሚ መንገድ ላይ ወጥቶ ቡና ልጠጣ አይልም።

ከመጥፎ ጓደኛ ይራቁ። ጃፓኖች በ1962 ባወጡት ሕግ የቶኪዮ ነዋሪ መኪናውን ከማስመዝገቡ በፊት ማቆሚያ እንዳለው ማስረጃ ያቀርባል። ዙሪክ ደግሞ በ1996 የመሀል ከተማ ማቆሚያዎቿ ከ1990ው ቁጥር እንዳያልፉ ወሰነች። እዚያ ሰዉ ትራም ይሳፈራል፤ ይባስ ብሎ በእግሩ ይሄዳል!

በመጨረሻም ይታገሡ፤ ፍሬው የሚደርሰው በተተኪዎ ዘመን ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ በመጨናነቁ ሲያማርር ወዲያው ኮሚቴ ያቋቁሙ። ሰብሳቢው ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞሩ አርፍደው ከገቡ፣ የመጀመሪያው አጀንዳም የውሳኔ ሐሳቡም ተገኘ ማለት ነው።