ወጡ ከወረደ በኋላ ጨው ቅመሱ

ለኤሌክትሮኒክ አርትስ
ሬድዉድ ሲቲ፣ ካሊፎርኒያ

ለዳይስ ስቱዲዮ
ስቶክሆልም

ጉዳዩ፦ የባትልፊልድ 2042 ጌምን ቤታ፣ ማለትም ከሽያጭ በፊት የቀረበውን የሙከራ ስሪት፣ ይመለከታል

አመልካቹ ተጫዋች ባትልፊልድ 1942 ከወጣበት ከ2002 ጀምሮ የድርጅታችሁ ደንበኛ መሆኑን በቅድሚያ ያስታውሳል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእናንተው አቆጣጠር ነው።)

በኦክቶበር 2021 ሕዝቡን ጨው ቅመሱልን ብላችሁ ጠራችሁ። ጌሙን ቀድሞ ያዘዘ ወይም የክፍያ አገልግሎታችሁ የኢኤ ፕሌይ ደንበኛ የሆነ በ6ኛው ቀን፣ የቀረው ሰው በ8ኛው ቀን ገባ። አመልካቹ ባደገበት ሰፈር ጨው የሚቀምስ ሰው ይመሰገናል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። በእናንተ ቤት ግን ለጌሙ ቀድሞ የከፈለ ሰው ማንኪያውን ሁለት ቀን አስቀድሞ አገኘ። በራሳችሁ ቁጥር 7.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ቀምሷል፤ ሠርግም ይህን ያህል ሰው አይጠራም።

የቀረበው ካርታ አንድ ነበር፦ ኦርቢታል፣ በፍሬንች ጊያና ኩሩ የሚገኝ የሮኬት ማስወንጨፊያ። በአዲሶቹ ኮንሶሎችና በኮምፒውተር 128 ሰው በአንድ ሜዳ ይዋጋል። አመልካቹ ሜዳውን በሩጫ አቋርጦ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ አንድ ግድግዳ ሥር ተጠለለ። አጠገቡ የጌሙ ገጸ ባሕርይ ካናዳዊው ማኬይ የገመድ መንጠቆውን ይዞ ቆሟል፤ ወዳጅ ነው፣ አብሮት ሲሮጥ ነበር። ጥጉን ሲታጠፍ ሌላ ማኬይ አገኘ። ያው ፊት፣ ያው መንጠቆ። አመልካቹ የቱ ማኬይ እንደሆነ ሲያስብ ማኬይ አላሰበም፤ ተኮሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2002 ጀምሮ የነበሩትን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አጥቂ የሚሉትን የሥራ ክፍሎች አንስታችሁ በስም የሚጠሩ ስፔሻሊስቶችን ተካችሁ። በቤታው የተከፈቱት አራት ናቸው፤ የአሜሪካም የሩሲያም ጦር የሚመለምለው ከእነዚሁ ከአራቱ ነው። በታሪኩ መሠረት ሀገራቸው ፈርሶባቸው ለሁለቱ ኃያላን የሚዋጉ ስደተኞች ናቸው። ይሁን። ነገር ግን ስደተኛ ሁሉ አንድ መልክ እንደሌለው ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ያውቃል።

ከአራቱ አንዷ፣ ሐኪሟ ፋልክ፣ ቁስለኛን የምታክመው መርፌ በሚተኩስ ሽጉጥ ነው፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዞ ለሚንቀጠቀጥ ሕፃን ይህ ባይነገር ይሻላል። የተረፈውን መሣሪያ ማንም እንደፈለገው መያዝ ስለሚችል፣ በአመልካቹ ጓድ ሁሉም ታንክ መምቻ ይዞ መጣ። ታንክ አልመጣም። አመልካቹ ሲወድቅ ከአጠገቡ ያልተለየው አንድ ሮቦት ውሻ ብቻ ነበር።

ሐቁም ይነገር። ውጊያው ሳይቋረጥ የጠመንጃን መነጽርና አፈሙዝ እዚያው መቀያየር ድንቅ ሐሳብ ነው። በሜዳው ላይ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ወታደሩን እንደ ገለባ ሲያነሳው፣ ተጫዋቹ መሞቱን ረስቶ ይስቃል።

ቅሬታው ሲዘንብ የመጣው መልሳችሁ ግን አመልካቹን እስከ ዛሬ ያስገርመዋል፦ የቀመሳችሁት የወራት ዕድሜ ያለው ስሪት ነው፣ አዲሱ ተስተካክሏል። የትኛዋ ባለሙያ ናት የባለፈውን ሳምንት ወጥ አስቀምሳ ስለ ዛሬው ጨው የምትጠይቅ? ጌሙ ሊሸጥ የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር። ከእውነተኛው ኩሩ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የመጠቀው ጌማችሁ በወጣ በ36ኛው ቀን ነው። እሱ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቷል፤ እናንተ ያዘገያችሁት አራት ሳምንት ነው። ልዩነቱ ቴሌስኮፑ መሥራቱ ነው።

ኖቬምበር 19 ወጡ ወረደ። የጌም መሸጫ በሆነው በስቲም ላይ የገዢው አስተያየት አብዛኛው አሉታዊ ሆነ። የውጤት ሰሌዳ እንኳ በወጉ አልነበረውም፤ በማርች 2022 መጣ። የድምፅ መነጋገሪያው በኤፕሪል ተከተለ። የሥራ ክፍሎቹ በ2023 ተመለሱ፤ በኦገስት 2025 የባትልፊልድ 6 ቤታ ሲከፈትም አራት የሥራ ክፍሎች ከመጀመሪያው ቦታቸውን ይዘው ተገኙ። ከአራት ዓመት በፊት የቀመሰው ሰው ያለው ይህንኑ ነበር።

ስለሆነም አመልካቹ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ወደፊት ጨው ስታስቀምሱ ድስቱ ገና እሳት ላይ እያለ ይሁን፤ ሒሳቡም ከማንኪያው በኋላ ይምጣ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለማኬይ፣ የአሜሪካ ጦር
ለማኬይ፣ የሩሲያ ጦር