ክብር ከፍራሽ ሥር

እኛ መሥሪያ ቤት በመዋቅሩ ላይ ያልሰፈረ አንድ የሥራ መደብ አለ፤ የልብስ ተቆጣጣሪ። ደመወዙ የሚከፈለው ለሌላ ሥራ ነው፣ የሚሠራው ግን ይህንን ነው። ጠዋት ጠዋት የማኪያቶ ብርጭቆውን ይዞ ደረጃው አናት ላይ ይቆምና የሚወጣ የሚገባውን ከጫማ እስከ ፀጉር ይቃኛል። «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ካለህ ሸሚዝህ አልተተኮሰም ማለት ነው። «ቤት ሰላም ነው?» ካለህ ጫማህን አላስጠረግህም። ምንም ሳይል ትከሻህን ቸብ ቸብ ካደረገህ የቀረህ የዕድር ጥሩንባ ብቻ ነው። ምክሩ ከዚያ ይከተላል፦ «ወንድሜ፣ ለመዘነጥ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ዘዴ ነው!»

ይቺን «ዘዴ ነው» ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቢሆንም ዛሬ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ላመሰግን ተነሥቻለሁ። በትንሽ ብር መዘነጥን የመሰለ ጥበብ ይዘን ምስጋና መንፈግ ግፍ ነው።

ሒሳቡን መቼም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ግብሩ ይቆረጥለታል፣ 7 በመቶው ጡረታ ይቆረጥለታል፣ የቤት ኪራዩ ማንም ሳይቆርጠው ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይተመን ተብሎ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የቱርኩ ሱፍም፣ የጣልያኑ ጫማም፣ «የጣልያን ነው» እየተባለ የሚሸጠው የማይታወቀውም አብረው ወደ ላይ ወጡ። በዚህ ሁሉ መሐል በየቀኑ ሚዜ መስሎ ቢሮ የሚገባ ሰው ካለ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ጠርቶ ሊያማክረው ይገባል።

የጥበቡ ዘርፎች ብዙ ናቸው። የተለበሰ ልብስ አገር ውስጥ ገብቶ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክላል። ሰልባጁ ግን በኮንትሮባንድ ገብቶ፣ ከቦንዳው ወጥቶ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ጠቦና አጥሮ፣ ላውንደሪ ደርሶ ሲመለስ የሕግ አስከባሪው ትከሻ ላይ አየዋለሁ። በምን እንደገባ ደረሰኝ የሌለው ኮት ለብሶ ባለጉዳዩን «ደረሰኝ አምጣ» ይላል። የኮቱን መለያ ከእጅጌው ላይ ያልፈታው ደግሞ ሰዓት ባያስርም በየደቂቃው ሰዓት ያያል። ሽቶውም በሚሊ ሊትር እየተቀዳ ይገዛል፤ ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ሽቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ፣ ንፋስ ፈርቶ መስኮት የሚያዘጋ አራተኛ ሰው አይጠፋም።

የጥበቦች ሁሉ አውራ ግን የፍራሽ ሥር ካውያ ነው።

ለማያውቁት ላስረዳ። ካውያ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ቢመጣም አከራይዋ እመቤት «ካውያና ምጣድ አይሰካም» ብለው ቤቱን ሲያከራዩ ነው የተዋዋሉት፤ ቆጣሪውን ሲያዩት ዓይናቸው ካውያውን በግድግዳ አልፎ ያየዋል። ላውንደሪ በየሳምንቱ አይቻልም። ስለዚህ ማታ ሱሪው ስፌት ከስፌት ጋር ይገጠማል፣ ውኃ በአፍ ተይዞ እፍ ይባልበታል፣ በሁለት ገጽ ጋዜጣ መሐል ይነጠፍና ፍራሹ ይመለስበታል። የስፖንጅ ፍራሽ ለዚህ ሥራ ክብደት ያንሰዋል፤ የጥጡ ይመረጣል። የቀረው መተኛት ነው። እርጥበቱ፣ የሰውነት ሙቀቱና ክብደቱ ተባብረው ሌሊቱን ሙሉ ይሠሩና ጠዋት ላይ ሽንኩርት የሚቆርጥ ተኩስ ይወጣል።

ችግሩ መገላበጥ አለመቻሉ ነው። የተገላበጠ ሰው ሱሪውን ያንሸራትተዋል፤ ሱሪው ሲንሸራተት ሁለት መስመር ያወጣል። ሁለት መስመር ያለው ሱሪ ደግሞ አንድም ከሌለው ይብሳል፤ መስመር የሌለው ድህነት ነው ይባላል፣ ሁለት መስመር ያለው ግን ሚስጥሩን ያወጣል። ስለዚህ የጥበቡ ባለቤት በጀርባው ተንጋሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እንደተገነዘ ያድራል። ቅዠት እንኳ ቢመጣበት በልክ ነው፤ ጅብ ቢያባርረው በቆመበት ይበላል እንጂ አይሮጥም።

ቀጥሎ የኪሎ ጉዳይ ይመጣል። አንድ ቀጭን ላጤ ብቻውን ወፍራም ሱፍ ሱሪ አይተኩስም፤ አጋዥ ያስፈልገዋል። ዱሮ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠር ነበር፣ ዘንድሮ ሚዛን ይዞ መሄድ ሳይሻል አይቀርም። ከገጠር አጎት ሲመጣም ቤቱ በደስታ ይሞላል። «ጋሼ፣ እርስዎ አልጋው ላይ ይደሩ፤ እኔ መሬት ይበቃኛል» ይላል የወንድም ልጅ። ጋሼ እንባቸው ይመጣል። «ይህን የመሰለ ልጅ ይውለድልኝ፣ አልጋውን ለቆልኝ!» እያሉ ሲመርቁ ያመሻሉ። ልጅየው መሬት ላይ ሆኖ በጨለማው ውስጥ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል፤ አልጋው ሲንቋቋ ብድግ ይላል። «ጋሼ፣ በግራ ጎንዎ ባይሆኑ ጥሩ ነው፤ ለልብ አይመከርም።» ጋሼ ምርቃቱን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ጠዋት አንድ ሳይሆን ሁለት ሱሪ ከፍራሹ ሥር ይወጣል። አገር ቤት ሲመለሱም የከተማ ልጅ ደግነት ሲወራ ይከርማል።

ወቅትም አለው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሰውየው ሲከሳ የሱሪው ተኩስ አብሮ ይሰንፋል። ሕማማት ላይ ሱሪዎች ሁሉ የሐዘን ቤት መስለው ይታያሉ። በፋሲካ ማግስት ዶሮ ወጡም ቅቤውም ሥራውን ይሠራና የመስመሩ ጥራት ይመለሳል። የልብስ ተቆጣጣሪያችን በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን «አሁን ሰው መሰልክ» ቢለኝ አልደነቀኝም።

ሌሊቱን ሳይገላበጥ ያደረው ሰው ቢሮ ከገባ በኋላም አይቀመጥም። ከተቀመጠ የሱሪው ጉልበት ይነፋል፣ የጋሼ ድካም ገደል ይገባል። ስለዚህ ከፋይል ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ይውላል። አለቃው ሁልጊዜ ቆሞ ሲያየው «ትጉህ ነው» ይላል፤ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱንም የሚቀበለው ጎንበስ ሳይል ነው። ግን ደብዳቤ ለመጻፍ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከታችኛው መሳቢያ ፋይል ለማውጣት ቁጢጥ ማለት ያስፈልጋል። ባለጉዳይ ሆይ፣ «ነገ ተመለስ» የተባልከው ከክፋት አይምሰልህ። ከሱሪ ነው።

የሴቶቹን ነገር ላመሰግን ብዬ ጀምሬ አቃተኝ። ካስክ፣ ጥፍር፣ ሽፋሽፍት፣ በዕቁብ የሚገዛ ሂውማን ሄር፤ ይህ ሁሉ ከዚያው ደመወዝ ነው የሚወጣው። ወንዱ አንድ ሱሪ ፍራሽ ሥር እያሳደረ ዓመት ይገፋል፣ ማንም አይቆጥርበትም። ሴቷ የማክሰኞን ቀሚስ ሐሙስ ከደገመችው በቡና ሰዓት ስሟ ይነሣል። ይህ ነውር ነው። አሽሙርም አይገባውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከተማችንም ጥበቡን ተምራለች። ዋናው መንገድ ዳር ያለው ፎቅ ፊቱን ተቀብቶ፣ ማታ ማታ መብራት ታጥቆ ሲታይ ያምራል። ዞር ብለህ በጓሮ ከመጣህ ያልተለሰነ ብሎኬት ያጋጥምሃል። ላዩን ለአላፊ አግዳሚ፣ ውስጡን ለቄስ። ፎቁ እንዲህ ካደረገ የእኛ ካልሲ ተረከዙ ቢቀደድ ምን ይገርማል? ጫማ ውስጥ ነው፤ ጫማው ደግሞ ያበራል።

ጫማ ካነሣን፣ እንዲያው የማያበራ ጫማ ምን እንደሚያስከፍል ልንገራችሁ። በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ በር ላይ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል፣ ጫማቸው የመጡበትን የሰፈር ጭቃ ይዞ መጥቷል። ጥበቃው መጀመሪያ ያየው ጫማቸውን ነው።

«አንተ፣ ወዴት ነው? ቁም እዚያ ጋ!»

«ልጄ፣ ቀጠሮ ሰጥተውኝ ነው፤ ወረቀቱም ይኸው።»

«ቁም አልኩህ!»

በዚህ መሐል ሱፍ የለበሰ ወጣት ሰልፉን በጎን አልፎ መጣ። ወረቀት አልያዘም። ኮቱን አስተካከለ፣ ጫማው ዓይን ይወጋል። ጥበቃው ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተ፤ «ይለፉ ጌታዬ።» ፍተሻም መታወቂያም የለም። እኔ ከብዙ ቆይታ በኋላ ስገባ ያ ወጣት ኮሪደሩ ላይ አገኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጉዳይ ካለህ ላስጨርስልህ እችላለሁ» አለኝ። ጉዳይ ገዳይ ነው። ሱፉ የሥራ ልብሱ ነው፣ ያለ ሱፉ እንጀራ የለውም። ሽማግሌው ገና ውጭ ነበሩ።

ጥበቃውን ብቻ አልረግምም። እሱም በየጠዋቱ ቡትስህ አልተወለወለም ተብሎ የሚገሠጽ ሰው ነው፤ ማንን ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ እንዳለበት የተማረው ከላይ፣ ከነዚያ ደረጃ ላይ ማኪያቶ ይዘው ከሚቆሙት ነው። የኔ ጠብ ከንጽሕና ጋርም አይደለም። የታጠበ ሸሚዝ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ ንጹሕ አንገት ደስ ይላል፤ ሳሙና ይብዛልን። ነገር ግን የምሳውን ብር ለሊስትሮ ከፍሎ እስከ ማታ በባዶ ሆዱ የሚውለውን ወጣት «ራሱን የሚያከብር» እያላችሁ አታሞግሱብኝ። ልጁ ካላስጠረገ ሰው ሆኖ እንደማይታያችሁ ስላወቀ ነው የሚከፍለው። ይህ ግብር ነው፤ ደረሰኝ የሌለው፣ ድሃው ብቻ የሚከፍለው ግብር። ሀብታሙማ በነጠላ ጫማና በቁምጣ መጥቶ «ይለፉ» ይባላል፤ መኪናውን አይተውታላ።

የልብስ ተቆጣጣሪያችን ይህን ጽሑፍ ካነበበ «ቤት ሰላም ነው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ሰላም ነው። ሱሪዬንም ከፍራሹ ሥር አውጥቼዋለሁ፤ እየተገላበጥኩ መተኛት ጀምሬአለሁ።

በር ላይ ሰው የምታቆሙ ኃላፊዎች ካላችሁ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ነገ ጠዋት ለጥበቃዎቻችሁ እንዲህ በሏቸው፦ የመጣውን ሁሉ እኩል ፈትሹ፣ መታወቂያውን ጠይቁ፣ ቀጠሮውን እዩ፣ ሽማግሌና አሮጊቱን አንቱ በሉ። ጫማውን ለሊስትሮው ተዉለት።