ኢየሩሳሌም በስምንት ቀን

ዕድሜ የተጫናችሁ ወገኖቼ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የተባለው ለካ ለእኛ ነው። ኢየሩሳሌም በስምንት ቀን ታልቃለች አሉን! ናዝሬትና ቃና ዘገሊላ ከምሳ በፊት፣ ደብረ ታቦር ከምሳ በኋላ፣ ሙት ባሕር ደግሞ «ጊዜ ከተረፈ»። ይህን የፋሲካ ጉዞ ፕሮግራም ያወጣችው የማኅበራችን ጸሐፊ ናት። በክርስትናዋ ዕለት ጠላ ስቀዳ የዋልኩላት ልጅ ዛሬ በስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ፕሮግራሙን አዩት?» ትለኛለች። በእኛ ጊዜ ለፋሲካ የሚታየው የበጉ ላት ነበር።

ድሮ ኢየሩሳሌም የሚሳለም ሰው በእግሩ ነበር የሚሄደው። ንስሐ ገብቶ፣ ንብረቱን ተናዝዞ፣ አገር አልቅሶለት፣ በሶውን በአቁማዳ ቋጥሮ ይነሣል። አንዱ በሱዳን አድርጎ የግብፅን በረሃ ያቋርጣል፤ ሌላው ምጽዋ ወርዶ በመርከብ ይሻገራል። መንገዱ እንዴት ያለ መንገድ መሰላችሁ! ሽፍታው ራሱ ጨዋ ነበር፤ ዘርፎ ሲያበቃ አቅጣጫ ያሳያል። የውኃ ጥሙም ቢሆን የዛሬው ዓይነት ተራ ጥም አልነበረም፤ ደህና፣ የሚያጠግብ ጥም ነበር። ግማሹ ሰው ሳይመለስ ይቀር ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይቀር ነበር፤ ግን ተረጋግቶ ነው የቀረው። ማንም «አውቶቡሱ ትቶዎት ይሄዳል» ብሎ አላጣደፈውም።

በቡድን ተጉዞ ባዕድ አገር መጎብኘትንም እኮ ይህች ልጅ አላመጣችውም። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. እንዴት እንደሚጎበኝ አሳይተዋል። እነ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው፣ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ ተሳፍረው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ከዚያ ካይሮ፣ ፓሪስ፣ ሮማ፣ ለንደን እያሉ ወራት ቆዩ። እጅ መንሻ የያዙት አንበሳ ነው! አንበሳው ስንት ኪሎ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸው ያለቁባቸው የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው አርባውን ወደ አገራችን አስመጧቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የያኔውን የኢትዮጵያ የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አያችሁ፣ ሰው ሄዶ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ አገሩ ላይ ዜማ ይጨምራል። የዛሬው ተጓዥ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ ግመል ይዞ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ከመሄድ በፊት ያለው መከራ! ፓስፖርት፣ የባንክ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የጋብቻ ማስረጃ። ጋብቻዬን ጊንጪ ከተማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስንጣላ ድምፃችን ገበያው ድረስ ይሰማል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል? አሻራ የሚያነሣው ልጅ ጣቴን መስታወቱ ላይ አስጭኖ አስጭኖ «አባባ፣ አሻራ የለዎትም» አለኝ። «ልጄ፣ የሠራንበት ጣት እኮ ነው፤ ያንተ ገና አዲስ ስለሆነ ነው የሚነበበው» አልሁት። እኔ እንደሆንሁ ከተጓዦቹ ጋር አትቁጠሩኝ፤ አሻራውን የሰጠሁት ለጥንቃቄ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ቴሌግራሙ። ቡድን ከፍተው አስገቡኝ። ድሮ የማኅበር ጉዳይ በወር አንድ ቀን፣ ጽዋው እየዞረ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እያንቀላፋ በሥርዓት ነበር የሚያልቀው። ዛሬ ሌሊቱን ሁሉ ሲንጫጫ ያድራል። እኔ አላነብበውም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ግን የግምጃ ቤት ኃላፊያችን የአውራ ጣት ሥዕል ልኮ፣ ሻንጣ ስለ መመዘን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ መተኛቱን ስታዩ አታዝኑም?

ሻንጣ ካልሁ ዘንዳ፣ ስንቅም በሚዛን ሆኗል። ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ እስከ ቀዳም ሥዑር የምንጾምበት ነው፤ ጭኮው ደግሞ ለትንሣኤ ጠዋት። ይህ ሁሉ በሚዛን! አንድ አምቦ ውኃ በእጄ ልያዝ ብል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይሮፕላን ውስጥ በእጅ ተይዞ አይገባም አሉኝ። አምቦ ውኃ ፈሳሽ ነው እንዴ? መድኃኒት ነው! ያ ሁሉ የባዕድ አገር ምግብ በምን ሊወርድ ነው? ሲመለሱ ግን የዮርዳኖስን ውኃ በየፕላስቲኩ ሞልተው ሊመጡ ነው። እንዲህ ያለ ስስት አልወድም። ለእኔ አንዲት አምስት ሊትር ጀሪካን ትበቃኛለች፤ ክዳኗ የሚጠብቅ ትሁን።

መንገዱስ ቢሆን መንገድ ነው? ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ አራት ሰዓት ያህል ነው ይላሉ። ከጊንጪ ተነሥታችሁ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን አልፋችሁ ቡራዩ ላይ መንገዱ ሲጨናነቅባችሁ የምታጠፉት ጊዜ ከዚያ አይተናነስም። ሰው በአራት ሰዓት ወደ ጌታ አገር ደርሶ ልቡ መች ይደርሳል? አራት ሰዓት ሙሉ አጣብቀው ሲያስቀምጡንስ ጉልበት ምን ይሆናል? ቶሎ አያደርሱም እንዴ!

ቃና ዘገሊላ ላይ ባለትዳሮች ቃል ኪዳናቸውን እያደሱ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል ብላ ያቺ ጸሐፊ ለሚስቴ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰላም የለውም። «እኔ ቃሌን መች አበላሸሁና ነው የማድሰው?» ብላት፣ «የሚያድሰው ያረጀበት ነው» አለችኝ። ጥቁሩን ሱፌን አስተኩሻለሁ፤ ለሌላ ጉዳይ ነው።

ቤተ ልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን መግቢያው በር አጭር ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። እሱስ ደግ። የእኛ ልጆች አንገታቸው ቀድሞውኑ ስልካቸው ላይ ጎንበስ ያለ ስለሆነ አይቸገሩም፤ የሚቸገረው ቀጥ ብሎ የኖረው ነው። ሙት ባሕርም ሰው አያሰጥምም፤ ጨው በዝቶበት ያንሳፍፋል። ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ወርደን፣ እኛ ደገኞቹ፣ ማንንም የማያሰጥም ውኃ ልናይ! ካላሰጠመ ምኑን ባሕር ሆነ? በእኛ ጊዜ ውኃ ይከበር ነበር።

ደሜን ያፈላው ግን ዴር ሡልጣን ነው። ወረቀቱ ላይ «ዴር ሡልጣን፣ 45 ደቂቃ፣ ፎቶ» ይላል። ፎቶ! ይህ እኮ የጌታ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው። የእኛ መነኮሳት እዚያ ጣሪያ ላይ በጠባብ ጎጆ፣ በብርድና በሐሩር፣ ትውልድ በትውልድ ተተክተው ይዞታችንን የጠበቁበት ነው። ከግብፆች ጋር የተያዘው ክርክር ዛሬም አላለቀም። የቀዳም ሥዑር ማታ በከበሮና በጥላ፣ በጧፍ ብርሃን ጣሪያውን ሲዞሩት የዓለም ሰው አፉን ከፍቶ የሚያየው እኛን ነው። እነዚያ አባቶች ስንት ዘመን የቆሙበትን እኛ 45 ደቂቃ እንቁምበት? ሌሊቱን ሙሉ መቆም አለብን ብዬ ቡድኑ ላይ በድምፅ ተናገርሁ፤ እንዳነብበው አትጠብቁኝ እንጂ መናገር እናገራለሁ። «ጋሼ፣ ወንበር ይፈለግልዎ?» ብላ ጸሐፊዋ መለሰችልኝ። ድፍረት! መደገፊያ ያለው ከሆነ ግን ይፈለግ።

ከዚህ ሁሉ ለመሆኑ አገራችን ምን ጎደለበት? ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌም መሄድ ላልቻለው ሕዝብ ብሎ ከዓለት ፈልፍሎ እዚሁ አቆመለት፤ ዮርዳኖሱም ጎልጎታውም ከነስማቸው አሉ። እዚህ አፍንጫችን ሥር ደግሞ ደንዲ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ፣ አናቱ ላይ የስምንት ቁጥር ቅርፅ ያለው ሐይቅ። ጎረቤቱን ወንጪን የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተራ አስገብቶታል። ፈረንጅ ከየት አገሩ ሊያየው ይመጣል፣ የእኛ ሰው ግን ሩቅ ሩቁን! ከአገሩ ሳይጠግብ ባሕር የሚሻገር ትውልድ አሳፋሪ ነው። እኔ ደንዲ ሐይቅን ገና አልወጣሁትም፤ ዳገቱ አለ፣ የፈረሱ ኮርቻም ይቆረቁራል። ደግሞ ምን ያጣድፈኛል፤ ሐይቁ የትም አይሄድ። ውኃው እንኳ ይሄዳል፤ በሁሉቃ ወንዝ ወርዶ፣ በአምቦ አልፎ፣ ጉደርን ይዞ ዓባይ ይገባና ግብፅ ይደርሳል። አሻራ አንሣ ያለው የለም።

ለማንኛውም የተጓዦቹ ዝርዝር ትናንት ወጣ። ስሜን ከግምጃ ቤት ኃላፊው በታች አድርጋ ጽፋዋለች። አልሄድም ብያለሁ፤ ቢሆንም ከንስሐ አባታችን ቀጥሎ መጻፍ ያለበት በማኅበሩ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው መሆኑን ይህች ልጅ እንዴት ታጣዋለች? እንድታስተካክል የምታውቋት ንገሩልኝ፤ ቴሌግራሙን ስለማላነብ በስልክ ትደውልልኝ። መስኮት ዳር ይሁን፤ ሚስቴም መሐል ትቀመጥ፣ እሷ ማየት አትወድም።