የጎረቤት ነገር

ጡረታ ወጥቼ ሰማይ ልይ አልኩና ሰላም አጣሁ። ቴሌስኮፔን ግቢ ውስጥ ተክዬ ፎቶ ላነሳ የተመኘሁት ኤም 51 የሚባለውን ጋላክሲ ነው፤ ፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲዬ በ1773 እ.ኤ.አ. ያገኘውን። ጋላክሲውም እንደኔው በጎረቤት የተቸገረ ነው። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ጋላክሲ በስበቷ እየጎተተች አንድ ክንዱን ወደ ራሷ ስባዋለች።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ?» ይለኛል። የሌላ ሰው የሠርግ ፎቶ ሳሎን ይሰቀላል እንዴ?

በ1845 ሎርድ ሮስ የሚባል ባላባት አየርላንድ ውስጥ 1.8 ሜትር ስፋት ባለው መስታወት አይቶ፣ የጋላክሲውን ጥምዝ ክንዶች በእጁ ሥሏቸዋል። ዝናብ በማያባራበት አገር! ግን ምን አለበት፣ ያኔ የጎረቤት ፓውዛ የለ።

እኔ ገና ከጅምሩ ነው የምቃጠለው። የቴሌስኮፑ መቆሚያ መሬት ስትዞር ኮከቡን በሞተር እንዲከተል በሰሜን ኮከብ በኩል መስተካከል አለበት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እዚያች ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ኮከብ ስፈልግ የማየው በረንዳ ላይ የተሰጣ የሰው አንሶላ ነው። ጋላክሲው ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሆን፣ ያኔ የበልግ ደመና ይመጣል።

ፎቶው ደግሞ አንዴ ጠቅ አድርገው የሚገላገሉት አይደለም። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ካሜራው ለሰዓታት ደጋግሞ ያነሳል፤ ከዚያ ሁሉም በኮምፒውተር ይደራረባል። ሞተሩ ለአፍታ ከቆመ ኮከቦቹ ተጎትተው ክር ይሆናሉ። መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ያምራል፣ ሞተሬ ይቆማል። መብራት ሲመጣ ሞተሬ ይዞራል፣ የጎረቤቴ ፓውዛ ይበራል። «ባትሪ ግዛ» የሚሉኝ አሉ፤ በየትኛው ጡረታ?

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፦ የጋላክሲው ብርሃን ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ፣ ማንም ሳያስቆመው መጥቶ፣ እኔ አጥር ላይ ሲደርስ በአንድ አምፖል ይዋጣል።

ጎረቤቴ ሆይ፣ ሌባ ብትፈራ አልፈርድብህም። ፓውዛህን ግን ወደ መሬት አዙረው፤ ሌባ በሰማይ አይመጣም።