የአቶ ዴስክቶፕላይ አለልህ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ ከሂሳብ ክፍል፣ ከግዥና ከመዝገብ ቤት ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ድንኳኑ ስለጠበበ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። ንፍሮው እየዞረ ነው።

አቶ ዴስክቶፕላይ አለልህ ከአባታቸው ከአቶ አለልህ ቸኮለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ነገ አስተካክል ነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 95 ለገበያ በዋለበት ዕለት ተወለዱ። ዘር የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ግን ትውልዳቸውን ወደ ኋላ ስበው በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዜሮክስ ስታር ያደርሱታል፤ የቢሮ ጠረጴዛን ከነማኅደሩ ከነወረቀቱ ስክሪን ላይ ዘርግቶ ለገበያ የቀረበ ኮምፒውተር ነውና። እንግዲህ ሟች የጠረጴዛ ዘር ናቸው። ወረቀት ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ይውላል እንጂ አያድርም፤ ማታ መሳቢያ ይገባል። ይህን የአያቶቻቸውን ወግ ሟች አልወረሱም።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገብተው የሦስት ወር ሰርተፍኬት ይዘዋል። ኮንትሮል ኤስን በጨለማም ይጫኑት ነበር። ‹ሴቭ አዝ› የተሰጠ ቀን ግን ቀሪ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ደመወዝ አገልግለዋል። እኔ የማውቃቸው ከቢሯችን ጸሐፊ ስክሪን ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የልጇ የክርስትና ፎቶ ነበር፤ መኖሩን የምናስታውሰው የቆየነው ሠራተኞች ብቻ ነን። አይከኖቹ ከግራ ጫፍ እየተደረደሩ መጥተው መጀመሪያ የክርስትና አባቱን፣ ቀጥለው እናትየዋን ሸፈኑ፤ አምና ልጁ ላይ ደረሱ። አንድ ዓይኑ በ‹ደመወዝ ጥር›፣ አፉ በ‹ኒው ፎልደር 7› ተከድኖ፣ ግራ ጆሮው ብቻ በ‹ደብዳቤ ፋይናል› እና በ‹ደብዳቤ ፋይናል እውነተኛው› መካከል ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

አለቃችን «ያቺ የጨረታዋ ደብዳቤ የታለች?» ሲሉ «ዴስክቶፕ ላይ አለችልዎ» ትላለች። ደግሞም ትኖራለች። ሟችን የምትወቅሱ ይህን አትርሱ፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር ዓይኑ ሥር አድርገው የሚያኖሩ ደግ ነበሩ።

ሕይወታቸውን ያስመረረው ሞክሼያቸው ነው። ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ዳውንሎድስ ውስጥ ‹ቴሌግራም ዴስክቶፕ› የሚባል ፎልደር ይከፍትና ያወረድነውን ሁሉ እዚያ ይከታል። ጸሐፊያችን የተላከላትን ደብዳቤ ከዚያው ትከፍታለች፣ ሁለት ገጽ ትጨምራለች፣ ኮንትሮል ኤስ ተጭና ትዘጋለች። ሴቭ ሆኗል። የት? ከተከፈተበት፣ ከሞክሼው ቤት። እሷ ስክሪኗን ብታስስ የምታገኘው የትናንቱን አሮጌ ቅጂ ነው። «ኮምፒውተሩ በላብኝ!» ኮምፒውተሩ እንኳ ምንም አልበላም፤ የት እንደሚያኖረው የሚነግረው ቢያጣ ከተከፈተበት አኑሮት ነው። እኔም ስንት ጊዜ አብሬ «በላው» ብዬ ፈርጃለሁ።

ፍለጋውማ ራሱን የቻለ ለቅሶ ነበር። መፈለጊያው ላይ ‹አመታዊ ሪፖርት› ብሎ የጻፈ ሰው ‹ዓመታዊ› ተብሎ የተሰየመውን አያገኝም። ለኛ ጆሮ አንድ የሆኑት አልፋው ‹አ› እና ዐይኑ ‹ዓ› ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሠራተኛ በየትኛው ሰ ነው? ሐምሌስ በየትኛው ሀ? ሁለት ሰዎች በፊደል ሲጣሉ አንድ ከሰዓት ሙሉ አይቻለሁ፤ ፋይሉ ‹ዶክመንት 3› ተብሎ ተቀምጦ። በስም ካቃተን በቀን እንፈልጋት ብንል ደግሞ፣ ጥቅምት 12 ከጠዋቱ 4 ሰዓት የጻፍናት ደብዳቤ ኦክቶበር 22፣ 10 ሰዓት ሆና ነው የምትጠብቀን። (መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ኮከብ፣ ነጥብ፣ ዶክኤክስ ብሎ የወርዱን ፋይል ሁሉ ማውጣት፣ ከዚያ ‹ዴት ሞዲፋይድ› የሚለውን ተጭኖ የቅርቡን ወደ ላይ ማምጣት ከፊደል ጭቅጭቅ ያድናል። ይህን ስናገር ለቅሶ ቤት እንደሚስቅ ሰው ነው የታየሁት።)

ሕመማቸው የጀመረው ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ነው። ባለሙያ ተጠራ። ወንበር እንኳ ሳይስብ «ፎርማት ይደረግ» አለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሳይጠይቅ አልነካም።

«ዲ ላይ ያለው አይነካም። ሲ ላይ የምትፈልጊው ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም። የኔ ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ነው።»

እሱም አመናት፣ እሷም አመነችው። ዴስክቶፕ ግን እንዲያ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታይ እንጂ ቤቱ ሲ ውስጥ ነው፤ ‹ዩዘርስ› ተብሎ ተገብቶ፣ በባለቤቱ ስም ታልፎ የሚገኝ ተራ ፎልደር። የዐሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ምሳ በልተን ስንመለስ አልነበረም። አዲሱ ስክሪን ወለል ብሎ ሲበራ ላዩ ላይ አንዲት የቆሻሻ ቅርጫት ብቻ ነበረች፤ እሷም ባዶ።

ማን ደረሰልን? ያ ሞክሼ። በቴሌግራም የተላከ ፋይል ቻቱ እስካልተሰረዘ ድረስ ሰርቨሩ ላይ ይቆያልና፣ ጸሐፊያችን የአለቃችንን ቻት ወደ ላይ እየሳበች የሦስት ዓመት ደብዳቤ አንድ በአንድ መልሳ አወረደች። ሟች በሕይወት ሳሉ ሲያስለቅሳቸው የኖረ፣ ሲሞቱ ልጆቻቸውን ሰብስቦ አስረከበ።

እድሩም ተሰብስቦ ለአዲሱ ቤት ሥርዓት አወጣ። ‹ዶክመንትስ› ላይ በቀኝ ተጭነን፣ ‹ፕሮፐርቲስ› ገብተን፣ ‹ሎኬሽን› በሚለው በኩል መኖሪያውን ወደ ዲ አዛወርነው፤ ዴስክቶፕንም እንደዚያው። ወርድ ውስጥ ‹ኦፕሽንስ›፣ ከዚያ ‹ሴቭ› ብለን ሳይነገረው የሚያስቀምጥበትን ቦታ ወሰንለት። ኤፍ12 ስትጫን ‹ሴቭ አዝ› ከተፍ ሲልላት ጸሐፊያችን «ይኼን ሁሉ ዘመን!» ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። የሂሳብ ክፍሉ አዛውንት ግን ዲም ቢሆን እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ የተከፈለ ጓዳ ነው፣ ዲስኩ የሞተ ዕለት አብሮ ይቀበራል፤ ሌላ ቅጂ በፍላሽ ካልተያዘ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም አሉ። ትክክል ናቸው። ቅጂው ተይዟል፤ ፍላሹ እየተፈለገ ነው።

የቀረኝ ማስታወቂያ ነው። ሟች ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት ዋንድራይቭ ላይ በነፃ የምናገኘው 5 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ጸሐፊያችን ቦታ ለማስለቀቅ አሮጌ የመሰሏትን ደብዳቤዎች ሰርዛ ነበር። እነሱ ኦንላይን ባለው ሪሳይክል ቢን ውስጥ አሉ። በግል አካውንት የተሰረዘ ፋይል እዚያ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ስለዚህ የአቶ ዴስክቶፕላይ አርባ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ይወጣል፤ ፓስዎርዱን የምታስታውሱ ቀደም ብላችሁ እንድትገኙ።